አሥራት እንዴት ይታሰባል? የአንዲት ገንዘብ ያዥ ምክር

ሐዋሳ በሚገኘው አጥቢያችን 9 ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ። ከዚያ በፊት 27 ዓመት ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ብር ስቆጥር ስለኖርኩ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የመባውን ሣጥን ሦስት ሆነን ስንገለብጥ ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የሆነብኝ ጥያቄው ነው። ብር የቆጠረ ሁሉ መጽሐፍም ያወቀ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ደመወዝ በገባ ሰሞን በር ላይ ይጠብቁኛል። «እትዬ፣ ከተጣራው ነው ከጠቅላላው?» «እቁብ ደርሶኛል፤ አሥራት አለበት?» «ባለቤቴ አያምንም፤ ከአስቤዛው ቀንሼ ላውጣ?» አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ለክርስቲያን አሥራት አለ እንዴ?» ይለኛል።

ይህ የመጨረሻው ሳይመለስ ሌላውን ማስላት ከንቱ ድካም ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡት

አንድ ምሽት ይበቃል። ዘሌዋውያን 27፣ ዘኍልቍ 18፣ ዘዳግም 14፣ ከዚያ ማቴዎስ 23፣ ከዚያ ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9። ሚልክያስ 3ን መጨረሻ ላይ አድርጉት። እኛ ጋ ሁልጊዜ እሱ ቀድሞ ስለሚነበብ ነው ነገሩ የተምታታው፤ «ሰው እግዚአብሔርን ይሰርቃልን?» የሚለውን ሰምቶ የደነገጠ ሰው ሌላውን ረጋ ብሎ አያነብም።

ስታነቡ የምታገኙት እንዲህ ነው። የሕጉ አሥራት ከእርሻና ከከብት ነበር፤ ከእህሉ፣ ከወይኑ፣ ከዘይቱ፣ ከበትሩ ሥር ከሚያልፈው መንጋ አሥረኛው። ቁጥሩን ልብ በሉ፦ አሥረኛው ነው የሚወሰደው፤ ዘጠኝ በግ ያለው ሰው ከበጎቹ የሚወሰድበት የለም። የሚሰጠውም ለሌዋውያን ነው፤ ምክንያቱም ወንድሞቻቸው መሬት ሲከፋፈሉ እነሱ ርስት አላገኙም። ሌዋውያኑም ከተቀበሉት ላይ አሥራት አውጥተው ለካህኑ ይሰጣሉ።

ዘዳግም 14 ላይ ስትደርሱ ደግሞ ትገረማላችሁ። እዚያ ያለውን አሥራት ባለቤቱ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይበላዋል! መንገዱ ከራቀበት እህሉን ሸጦ ብሩን በእጁ ይዞ ይሄድና ነፍሱ የወደደችውን፣ በሬም ይሁን በግ፣ ወይንም ይሁን ብርቱ መጠጥ ገዝቶ ይደሰታል። በየሦስተኛው ዓመት ግን ከተማው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ መጥተው በልተው ይጠግባሉ። በ9 ዓመት ውስጥ ይህን ክፍል ከመድረክ ሲነበብ አንድ ቀን አልሰማሁም። ምናልባት ብርቱ መጠጡ ነው ያስቸገራቸው።

እንግዲህ እነዚህን ደምራችሁ ብታዩ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ቤተ መቅደሱም በ70 እ.ኤ.አ. በሮማውያን ፈርሷል፤ የሌዊ ነገድ አገልግሎትም አብሮት ቆሟል። ስለዚህ ከወር ደመወዙ 10 በመቶ በአጥቢያው የባንክ ሒሳብ ያስገባ ሰው መልካም አድርጓል፤ «የሙሴን ሕግ ፈጸምኩ» ካለ ግን ሒሳቡ አይገጥምም።

«አብርሃም ከሕጉ በፊት ሰጥቷል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለመልከ ጼዴቅ ሰጥቷል። የሰጠው ግን ከጦርነት ምርኮ ነው፤ በየወሩ ይሰጥ እንደነበርም አልተጻፈም። ደግሞ ከሕጉ በፊት መሆኑ ብቻውን ግዴታ የሚያደርገው ከሆነ ግዝረትም ከሕጉ በፊት ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ግን ሐዋርያት ከአሕዛብ ባመኑት ላይ አልጫኑትም። ጌታ ራሱ ፈሪሳውያንን ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን ስለመተዋቸው ሲወቅስ፣ አሥራቱንም መተው አልነበረባቸውም ብሏል። ያን ሲናገር ግን ቤተ መቅደሱ ቆሞ ነበር፤ የተናገረውም ሕጉ ላለባቸው ሰዎች ነው። ጳውሎስ ስለ ገንዘብ ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ «አሥረኛ» የሚል ቃል አላነሣም። «በልቡ እንዳሰበ» ነው ያለው፤ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ነው ያለው።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ አሥራት በክርስቲያን ላይ እንደ ግብር የተጣለ ዕዳ አይደለም። እኔ ግን አወጣለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ ራሴን አውቃለሁ። አንድ ዓመት «በልቤ እንዳሰብኩ እሰጣለሁ» ብዬ ልኩን ተውኩት። ጳጉሜን ላይ ደብተሬን ገልጬ ስደምር ከገቢዬ 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። በልቤ ግን ዓመቱን ሙሉ ለጋስ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አሥረኛውን መነሻ ልክ አድርጌ ያዝኩት፤ እንደ ቁና ማለት ነው፤ ቁና ሕግ አይደለም፣ ያለ ቁና ግን ስንት እንደ ሰፈርሽ አታውቂም።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። እናቴ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበረች፤ እሷ «አሥራት በኩራት» ብላ አንድ ላይ ነበር የምትጠራው፣ እሸቱም ሲደርስ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደብሩ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬም ታስተምረዋለች፤ እዚያ ላላችሁ አንባቢዎች ንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ በእኔ ቃል ብቻ ምንም አትለውጡ።

አያቴ ግን አሥራት ሲባል ፊቱ ይጠቁር ነበር። ለእሱ አሥራት የመንግሥት ነው። በ1880ዎቹ ከክፉ ቀን በኋላ ምኒልክ ለሠራዊቱ ቀለብ ብለው ከገበሬው ምርት አሥረኛውን ግብር አድርገው ደነገጉ፤ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ ጎጃም ሸፈተ። ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው አያቴ ጠመንጃውን ሲወለውል ነው። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ፣ ባልታጨደ ጤፍ ላይ ዓይኑን ጥሎ «ይህን ያህል ቁና» ይል እንደነበር ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬም ከመድረክ «አሥራት ያልከፈላችሁ» የሚል ሰው ስሰማ አያቴ ይታወሰኛል። እናቴ አሥራት «ይወጣል» ነበር የምትለው። የሚከፈለው ግብር ነው፣ የሚከፈለው ዕዳ ነው።

ከአሥሩ በፊት የሚቀድም አለ

አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሌብነት ሰበከ። በሳምንቱ አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ 6,000 ብር በፖስታ አስገባ። ለወትሮው መቶ፣ መቶ ሃምሳ ነበር የሚሰጠው፤ ፖስታው ላይ ያለውን ቁጥር አውቀው ነበርና ደነገጥኩ። ማክሰኞ ሚስቱ ቤቴ መጣች። ገንዘቡን ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ነው «ያለፈውን ዓመት ዕዳ» የከፈለው። የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ወር አልፎታል።

ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ገንዘቡን መለስንለት። አንድ ሽማግሌ «ለጌታ የተሰጠ አይመለስም» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ማርቆስ 7ን ከፍተን አነበብንለት። እዚያ ጌታ «ቁርባን ነው» እያሉ አባትና እናታቸውን የሚያስርቡትን ይገሥጻል። ሽማግሌው ፈረመ፤ ፊቱ ግን እስከ ፋሲካ አልተፈታም።

ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የቤታችሁ ሰው በልቷል? ቀኑ የደረሰ ዕዳ አለባችሁ? የምትጦሯቸው እናትና አባት የዚህን ወር ተቆራጭ አግኝተዋል? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዚያን ወር አሥራት እዚያ አውሉት። ዕዳ ስል ግን ሥጋ ቤት የተበላ ዱቤ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ስሌቱ

ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ቀላል ነው። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ ግብሩና 7 በመቶ ጡረታው ተቆርጦ 8,910 ብር እጁ ይገባል። ከጠቅላላው ካሰበ 1,200 ነው፤ ከተጣራው ካሰበ 891 ነው። ሁለቱም ያስኬዳል፤ እኔ ከተጣራው ነው የምለው፣ ያላገኛችሁትን ገንዘብ አትሰጡምና። ጡረታው ግን አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በሥራ ዘመኔ ከተጣራው ነበር የማወጣው፤ ዛሬ ከጡረታ አበሌ ላይ አወጣለሁ። ከጠቅላላው ስታወጡ ከኖራችሁ ያ ድርሻ አስቀድሞ ወጥቶበታል፤ ሁለት ጊዜ አታውጡበት።

የሚሳሳተው ነጋዴው ነው። ጎመንና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እህት በየቀኑ 400 ብር ትለይ ነበር። እንዴት እንደምታስበው ስጠይቃት «የሸጥኩት 4,000 ነዋ» አለችኝ። እቃውን በ3,300 ነው የምታመጣው፤ ለጋሪና ለጫኝ 150 ይወጣል። ትርፏ 550 ብር ነው። ከ550 ላይ 400 እያወጣች ዋናዋ ለምን እንደሚያልቅ አልገባትም ነበር፤ እንዲያውም እምነቷ ያነሰ መስሏት የባሰ ልትጨምር ነው። ወረቀት አውጥተን 55 ብር ላይ ደረስን። አለቀሰች። ነጋዴዎች፦ ከሽያጭ ሳይሆን ከትርፍ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ከሱቃችሁ እያነሣችሁ የምትበሉትን ዘይትና ስኳር «ወጪ» እያላችሁ አትቀንሱ፤ እሱ ደመወዛችሁ ነው።

እቁብ ገቢ አይደለም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አልቆጠርኩትም። 20 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል ዕጣ የደረሰው 20,000 ያነሣል። ያ 20,000 የራሱ ገንዘብ ነው፤ ቀድሞ ከወጣለት ወደ ፊት የሚጥለውን ተበደረ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ከደረሰው ደግሞ ያጠራቀመውን አገኘ። ስትጥሉት ከነበረው ደመወዝ ላይ አሥራቱ ወጥቷል። ብድርም እንዲሁ ነው፤ የሚመለስ ገንዘብ አሥራት የለበትም። እድርም ለሐዘንተኛ የሚሰጠው እንባ ማበሻ ነው፤ ከእሱ ላይ አሥራት የጠየቀ ሰው ካለ እኔ ጋ ላኩት።

ገበሬ ዘመዶቼ «ከማዳበሪያው በፊት ነው በኋላ?» ይሉኛል። በእኔ አስተሳሰብ 12 ኩንታል ጤፍ ያገኘ ሰው የማዳበሪያ ዕዳውና ዘሩ የ2 ኩንታል ዋጋ ከሆነ በ10 ኩንታል ያስባል፤ 1 ኩንታል ይሆናል። የራሱንና የልጆቹን ጉልበት ግን ወጪ አድርጎ አይቀንስም። ሸጦ በብር ቢሰጥም ዘዳግም 14 ላይ እህሉን ወደ ብር መለወጥ አለ።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ከደመወዟ አሥረኛውን ለይታ፣ በዕረፍት ቀኗ ከምታገኛቸው ሐበሾች ጋር አዋጥታ ታሞ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ትኬት ታደርገዋለች። የቀረውን ለእናቷ ትልካለች። እናቷ ከዚያ ላይ እንደገና አሥራት ታውጣ? አልልም፤ ያ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተለይቶለታል። ልቧ ከፈቀደ ግን ማን ይከለክላታል።

መለየትና መስጠት

ገንዘቡ በገባበት ቀን ለዩት። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ ነው የጻፈላቸው። እኔ ፖስታ እጠቀማለሁ፤ ልጆቼ ሌላ የባንክ ሒሳብ ከፍተዋል። ወር መጨረሻ የተረፈውን እሰጣለሁ የሚል ሰው በ9 ዓመት ውስጥ ተርፎት አላየሁም።

የት ይሰጥ ለሚለው፣ የእኔን ልንገራችሁ እንጂ ሕግ አላወጣም። ከአሥራቴ አሥር እጅ ስድስቱ ለአጥቢያው ነው። ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል እንዲኖር ተጽፏል፤ የአጥቢያ አገልጋይ የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆቹም ጫማ ይቀዳደድባቸዋል። (አሥራት በአዲስ ኪዳን የለም እያለ አጥብቆ የሚከራከር ሰው ሁሉ ምን ያህል ሰጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ገንዘብ ያዥ አፍ የለውም። ዓይን ግን አለው።) ሦስቱ እጅ ለተቸገረ ሰው ነው፤ ለማውቀው፣ በስሙ ለምጠራው። የቀረው አንዱ እጅ የዘዳግም 14 ነው፤ ተጠራቅሞ ለገናና ለፋሲካ ጎረቤት የሚጠራበት ይሆናል። መጀመሪያ ሲሰሙ የሳቁብኝ ነበሩ፤ ዶሮው ሲመጣ ግን ማንም አልቀረ።

ለአጥቢያ ስትሰጡ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ፣ ሣጥኑን አብረው የሚቆጥሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎች፣ ባንክ ላይ ሁለት ፈራሚ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለምእመኑ የሚነበብ የሒሳብ ሪፖርት፤ እነዚህ ካሉ በሰላም ስጡ። ከሌሉ አስቀድማችሁ እንዲኖሩ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁማ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ፣ ከግብር ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልጋችሁ ልማዱ አላችሁ። በአንድ ሰው የግል ስልክ ቁጥር በቴሌብር እንዲላክለት የሚጠይቅ «ነቢይ» ከመጣባችሁ ግን ስልኩን ዝጉ። ባንክ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው ሒሳብ ላይ ስንቱ መበለት ያጠራቀመችው ሲገባ አይቻለሁ፤ ተመልሶ ሲወጣ ግን አላየሁም።

ባልና ሚስት ካልተስማማችሁ ደብቃችሁ አታውጡ። ከአስቤዛ እየቀነሰች ሁለት ዓመት ያወጣች እህት አውቃለሁ፤ ባሏ የደረሰበት ቀን የተጣላው ከእሷ ጋር ብቻ አልነበረም። የራሳችሁ ገቢ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ ከሌላችሁ ጉልበታችሁ አለ፣ ጊዜያችሁ አለ።

ያለፈባችሁ ወር ቢኖር አታጠራቅሙት። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወጣት ዘሌዋውያን 27 ላይ «አምስተኛ እጅ ይጨምርበት» የሚለውን አንብቦ የስድስት ወር ውዝፉን ከ20 በመቶ ቅጣት ጋር አስልቶ በኮምፒውተር አትሞ መጣ። ያ አምስተኛ እጅ የእህሉን አሥራት በገንዘብ ዋጅቶ ለራሱ ማስቀረት ለሚፈልግ ሰው እንጂ ለውዝፍ እንዳልሆነ አሳየሁት። ተገላገለ፤ ወረቀቱን ግን አልቀደደውም፣ በጣም አሳምሮ ስለሠራው አሳዘነው። ከዚህ ወር ጀምር አልኩት።

እኔ ጳጉሜን 1 ቀን ደብተሬን እገልጣለሁ። በአንድ በኩል የገባው፣ በሌላ በኩል የወጣው። ከአሥሩ የጎደለ ከሆነ ምክንያቱን ከጎኑ እጽፋለሁ፤ አንድ ዓመት «ጥርስ» ብቻ ነው የተጻፈው፣ ዐቅሜን የጨረሰው እሱ ነበር። ዘንድሮ ከድግሱ ድርሻ 340 ብር ተርፎኛል። ቡና ገዝቼበት ማዶ ያሉትን ሁለቱን መበለቶች ለእንቁጣጣሽ ጠርቻቸዋለሁ፤ ፈንዲሻውን እነሱ ይዘው ይመጣሉ።